የአንጁሎ ቦይና

«ላኪልኝ በቃ! አንድ ቪዲዮ ለመላክ እንዲህ ይለመናል እንዴ?»

ህብረት ይህን ያለችው በእነናዝራዊት ቤት በር ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነው። ሁለቱ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከትምህርት ቤት እስከ ሰፈር ያለውን ዳገትም ሲከራከሩ ነው የወጡት። ናዝራዊት የእናቷን ስልክ ከቤት አውጥታ ይዛለች፤ ይዛዋለች እንጂ አልከፈተችውም።

«አንዴ አሳየሁሽ አይደል? ይበቃል» አለች።

«የእኔ ማየት ምን ያደርጋል? ማየት ያለበት እሁድ አዳራሽ የሚመጣው ሰው ነው። ቲቸር መክብብ ፕሮጀክተሩን አስፈቅዶልናል። ‹ቤተሰብ ከፈቀደ ብቻ› አለ እንጂ አልከለከለም።»

«ቤተሰብ እኔ ነኝ እንዴ?»

«እናትሽ ‹ናዝራዊት ካለች ይሁን› አላሉም? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። አቦ አታካብጂ!»

እናቷ እንደዚያ ማለቷ እውነት ነው። ከሥራ ደክሟት ገብታ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «የቀረጽሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ካልሽ ይሁን» ብላለች። አባቷ ይስሐቅ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ወደ ቦዲቲ ሄዶ እዚያው ሰንብቷል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ናዝራዊት ትከሻ ላይ ወደቀ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ትንሽ ወንድሟ አንጁሎ ነው። አንጁሎ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይጥለዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሶዶ ውስጥ ጥቂት አይደለም፤ ክኒኑን እየዋጠ የሚማር አለ፣ የሚነግድም አለ። የአንጁሎ ግን ሌላ ነው። ከስንት ሺህ ልጅ አንዱን የሚመርጥ፣ ክኒን በቀላሉ የማይመልሰው ዓይነት ነው። ትኩሳት ከያዘው ይጥለዋል። የቀትር ፀሐይ ከመታው ይጥለዋል። ገላውን ሞቅ ባለ ውሃ ቢታጠብ እንኳ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ክረምት ከበጋ እርጥብ ቆብ ከራሱ ላይ የማይጠፋው። በሽታው የፈረንጅ ስም አለው። እናቱ ሣራ ስሙን ለመያዝ ስንት ጊዜ ሞክራ ትታዋለች፤ «የልጄ በሽታ ስሙ እንኳ ለአፍ አይመችም» ትላለች።

የምታክመው ዶክተር ብሥራት፣ «ሲጥለው በስልክ ቅረጹልኝ» ብላ አዛቸዋለች። በየትኛው እጁ እንደሚጀምረው፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚዞር ካላየች መድኃኒት መምረጥ ያስቸግራታል። ቪዲዮው በተቀረጸበት ቀን እናትም አባትም ቤት አልነበሩም። ናዝራዊት እንደተማረችው በጎኑ አስተኛችው፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፋ አደረገችለት፣ ከዚያ ስልኩን አንስታ ቀረጸች። ዶክተሯም አይታ፣ «ጎበዝ ልጅ፣ ጥሩ አድርገሽ ይዘሽዋል» አለቻት። ቪዲዮው ለዚህ ነበር። ለዚህ ብቻ።

አሁን ግን ሌላ ሥራ መጣለት። ዶክተር ብሥራትና ባልደረቦቿ እንደ አንጁሎ ያሉትን ልጆች ከሁምቦ እስከ ቦዲቲ ፈልገው፣ ደማቸውን አስመርምረው፣ የበሽታውን ሥር ማጥናት ይፈልጋሉ። ለጥናቱ ግን ገንዘብ የለም። ይህን የሰማው መምህር መክብብ ለትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ክበብ ነገረ፤ የክበቡ ሰብሳቢ ህብረት ደግሞ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ልጅ ናት። ሰፈር ለሰፈር ዞራ ዕቃ ለመነች፤ ለእሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጨረታ እንዲካሄድ አስፈቀደች።

«ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ?» አለች አሁን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹በዚህ ብር ልጁ ይድናል?› ይሉኛል። ‹አይ፣ ለጥናት ነው፤ ምናልባት በኋላ ለሚወለዱት› ስላቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። ጥናት ሰው አያስለቅስም ናዚ። ቪዲዮው ግን… እኔ ራሴ ካየሁት በኋላ ምሳዬን መብላት አልቻልኩም። በናትሽ! ለእሱ ብዬ እኮ ነው።»

ለእሱ ብላ መሆኑን ናዝራዊት ታውቃለች። የከበዳትም ይኸው ነው። ህብረት ክፉ ብትሆን ኖሮ መልሱ በቀለለ ነበር።

«እስከ ነገ ላስብበት» አለች።

ህብረት ዓይኗን አጉረጠረጠች። «አስቢ እሺ። አስበሽ አስበሽ ግን እንዳትቀሪ!»

* * *

ህብረት ከሄደች በኋላ ናዝራዊት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቪዲዮውን ከፈተች። ሰው በሞላበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥጦ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመገመት ነበር የፈለገችው። አንጁሎ ከጓሮ መጥቶ ከኋላዋ መቆሙን ያወቀችው የቆቡ ጠብታ ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ነው።

«ያ እኔ ነኝ?»

ስልኩን ልትደብቀው አሰበች፤ ግን ዘገየች። አይቷል።

«አዎ» አለች።

አንጁሎ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሲጥለው ራሱን አያውቅም፤ ሲነቃ ራሱን የሚያገኘው ደክሞት፣ ምላሱ ታምሞ፣ ሰው ከብቦት ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አይቶት አያውቅም ነበር።

«እጄ ለምን እንዲህ ይላል?»

«በሽታው ነው።»

«ሱሪዬ ረጥቧል።»

«አዎ። በኋላ ቀየርኩልህ።»

እስከ መጨረሻው አየው። አልፈራም፣ አላለቀሰም። የሰው ከብት ገደል ላይ ሲግጥ እንደሚያይ ሰው፣ በጥንቃቄ ነበር ያየው። ሲያበቃ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ «አንቺ የት ነሽ?» አለ።

«እዚያው ነኛ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አትታዪም።»

«የሚቀርጽ ሰው አይታይም እኮ አንጁ።»

ጥቂት አሰበ። «ብቻዬን ነው የምመስለው» አለ።

ናዝራዊት ስልኩን አጠፋችው።

«ህብረት ይህን ለሰው ልታሳይ ነው?» አላት። በር ላይ የተባለውን ሁሉ ከጓሮ ሆኖ ሰምቷል።

«ሰው እንዲረዳ ብላ ነው። ለዶክተሯ ጥናት።»

«ሰው እንዲሰጥ ከሆነ እሁድ እሁድ ጋሽ ቦልቴ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይሸጡ የለ? ቦይናዬን ይሽጡት።»

ቦይና ሌላ አገር ጎደሬ የሚሉት ነው፤ ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሥሩ የሚበላ፣ ጥላ የሚወድ። አንጁሎ እኩዮቹ በቀትር ኳስ ሲያሳድዱ እሱ ከቤት ጀርባ እንሰትና ቡናው ሥር ነው የሚውለው። እዚያ ሲውል ጊዜ፣ እናቱ አንድ ቦይና ከአጥሩ ሥር ተከለችለት፤ «ያንተ ነው» አለችው። ሁለቱም ፀሐይ አይወዱም ነበርና ተግባቡ። ውሃ ያጠጣዋል፣ ያርምለታል፣ አንዳንዴም ያዋራዋል። ወንድ ልጅ ከቦይና ጋር ሲያወራ አይቶ የማይስቅ የለም፤ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ገበያ ላይ የቅመም ሱቅ አላቸው። ልጅ ይወዳሉ፤ አንጁሎን በተለይ ይወዳሉ። ከገበያ ሲመለሱ ሸንኮራ ወይም ሙዝ ሳይዙለት አይመጡም። አሰጣጣቸው ግን የራሱ ሥርዓት አለው። አጥሩ ክፍት ጋ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው፣ «ና ውሰድ የኔ ጌታ» ይላሉ። ከእጃቸው ወደ እጁ ሰጥተውት አያውቁም። አንድ ጊዜ ውሃ የጠጣበትን ጣሳም፣ «እዚያው ይቅርላችሁ» ብለው ትተውታል። ክፉ ሆነው አይደለም። በልጅነታቸው «የሚጥለው ሰው ለሃጩ ይጋባል» ሲባል ሰምተው ያደጉ ናቸው። ሣራ፣ «እትዬ፣ ይህ በሽታ አይጋባም፤ ዶክተሯም ነግራናለች» ብላቸው ነበር። «እኔ መች ይጋባል አልኩ!» አሉ፤ በማግስቱም ሙዙን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። እሳቸው ብቻም አይደሉ። አንጁሎ መንገድ ላይ የወደቀ ቀን ክብሪት የሚጭር ሞልቶ፣ ቀና የሚያደርገው እጅ ግን ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ ናዝራዊት ለህብረት ሁሉንም ነገረቻት። ህብረት በቦይናው ሳቀች፤ በኋላ ግን ሳቋን ተወችና ተደራደረች።

«እሺ፣ ቦይናው ይቅረብ። ስልኩን ግን ይዘሽ ነይ። ጨረታው ከቀዘቀዘ ቪዲዮውን እናሳያለን። ዲል?»

«እሺ» አለች ናዝራዊት። አንዳንድ «እሺ» ነገሩን ለማሳደር ብቻ የሚባል ነው።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ቦይናውን ነቀሉት። ሥሩ የሕፃን ራስ ያህል ሆኖ ወጣ። ሣራ አፈሩን ስታራግፍ እጇን በላትና፣ «ወይ ጉድ! ጥሬ ቦይና እጅ እንደሚያሳክክ እያወቅኩ!» ብላ ዘይት ፍለጋ ወደ ቤት ሮጠች። ስትመለስ አንጁሎ በጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ተቀምጦ ቦይናውን ያሻል። አረፋው ክርኑ ድረስ ደርሷል።

«ቦይና በሳሙና ይታጠባል እንዴ አንተ?»

«ሰው ነው የሚገዛው» አለ አንጁሎ፣ ማሸቱን ሳያቋርጥ።

* * *

እስከ ዛሬ አንጁሎ ጨረታ አይቶ አያውቅም። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ መጋል ሲጀምር እናቱ ይዛው ትወጣለች። ዛሬ ግን በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ናዝራዊት ቆቡን የምታርስበት የውሃ ኮዳ ይዛለች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። እትዬ ጥሩወርቅም ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተው ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ለጎረቤት ነገር አይቀሩም።

ከእነአንጁሎ ፊት ባለው ወንበር አቶ ባዳቾ የሚባሉ ሰው ተቀምጠዋል። ዶክተር ብሥራት ስለ ጨረታው ነግራቸው ከሁምቦ የመጡ ናቸው። ጭናቸው ላይ ትንሽ ልጅ ይዘዋል፤ የልጅቷ ራስ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታስሯል። አንጁሎ ጨርቁን አየ። የራሱን ቆብ ነካ አደረገ። ከዚያ እህቱን ጎሸም አደረጋትና በአገጩ አሳያት።

«አየሁ» አለችው።

መምህር መክብብ ስለ ጥናቱ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ግን ስለ ደም ምርመራና ስለ ዘር ሲያወራ ሰው ማዛጋት ጀመረ። አንዲት እናት፣ «ታዲያ ልጁን ያድነዋል?» ብለው ጠየቁ። «ለእሱ ላይደርስ ይችላል። ለሚከተሉት ግን በር ይከፍታል» አለ መምህሩ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ማዘናቸው አልታወቀም።

ከዚያ አጫራቹ ጋሽ ቦልቴ ተነሡ። ሳምንቱን ሙሉ ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ የመጣውን ሁሉ ያጫርታሉ። የሳቸው አፍ የማይሸጠው ነገር የለም ይባላል። ያን ቀን ግን ነገሩ ከበዳቸው። አቮካዶው በከረጢት ወጣና በገበያ ዋጋው ተሸጠ። የገዛው ሰው ተሸክሞ ወጣ። ዶሮዋ ወጣች፤ አንዲት ወይዘሮ ገዝተው ክንፏን ይዘው ጉያቸው አደረጉ። ህብረት ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ሆና ናዝራዊትን ተመለከተቻት፤ በእጇ የስልክ ቅርጽ ሠርታ አሳየቻት። ናዝራዊት ሌላ ወገን አየች።

«አሁን ደግሞ!» አሉ ጋሽ ቦልቴ፣ ቦይናውን ወደ ላይ አንስተው። «ይህን አያችሁ? ይህን ያመረተው ገበሬ እዚህ አለ። አንጁሎ ይስሐቅ! ተነሥ እስቲ፣ ሰው ይይህ!»

አንጁሎ ተነሣ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ቆቡን አስተካከለ።

ይህን ጊዜ የሰዉ ልብ ነቃ። መምህር መክብብ ጀመረ፣ አንድ ነጋዴ ጨመረ፣ ተመላለሱና መምህሩ አሸነፈ። ከፈለና ቦይናውን ሳይነካ፣ «መልሼ ለግሻለሁ!» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ በጨረታ ያሸነፈ ሰው ልግስናውን ማሳየት ሲፈልግ ዕቃውን አይወስድም፤ መልሶ ይሰጥና እንደገና ይሸጣል። እንደገናም ተሸጠ። ነጋዴው አሸነፈ፤ «እኔም መልሻለሁ!» አለ። መዘምራኑ ተሰብስበው አሸነፉ፤ እነሱም መለሱ። አንድ ቦይና ከዶሮ ዋጋ አለፈ፤ ከዚያ ከበግ ዋጋ አለፈ። ጋሽ ቦልቴ ላብ በላብ ሆነው፣ «ይህ ቦይና ሳይሆን በሬ ነው!» ይላሉ። ህብረት ፕሮጀክተሩን ረስታ ከወንበር ወንበር እየዘለለች ታጨበጭባለች።

ናዝራዊትም ደስ አላት። ቪዲዮው ኪሷ ውስጥ እየቀዘቀዘ፣ እየራቀ የሚሄድ መሰላት። ከዚያ ቀሚሷ ሲሳብ ተሰማት።

«ለምን አይወስዱትም?» አለ አንጁሎ።

«ልማድ ነው አንጁ። መመለሳቸው መስጠታቸው ነው።»

«ዶሮዋን ወስደዋታል።»

«እሱ…»

«አቮካዶውንም ወስደዋል። የኔን ብቻ ነው የሚመልሱት።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ስለነካሁት ነው?»

ናዝራዊት ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ታጥቧል እኮ» አለ። «በሳሙና ነው ያጠብኩት።»

ልጁ አልተሳሳተም ማለት አይቻልም፤ ተሳስቷል። ግን ስህተቱን ከየት እንዳመጣው ናዝራዊት በደንብ ታውቃለች። ሙዙን ከድንጋይ ላይ እያነሣ ያደገ ልጅ፣ ሰው ዕቃውን ሳይነካ ወደ ጠረጴዛ ሲመልስበት ሌላ ምን ሊገባው ይችላል? ስለ ልማድና ስለ ልግስና ልታስረዳው ትችል ነበር። ይሰማታል፣ «እሺ» ይላታል፤ ማታ ግን ትራሱ ላይ ሆኖ የሚያስታውሰው ያ ቦይና ያለ ወሳጅ ሲመላለስ ነው።

ወደ መድረኩ አየች። ዋጋው ገና እየወጣ ነው። ይህ ከቆመ አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቃሏ ቃል ነው፣ ስልኩ ይወጣል። ህብረት በደስታ ፊቷ በርቷል። አቶ ባዳቾ ልጃቸውን እያራገቡ ናቸው።

ናዝራዊት ኮዳውን ለእናቷ ሰጠችና ተነሣች። በሰው መካከል አልፋ መድረኩ ጋ ደረሰች፤ ጋሽ ቦልቴ ጎንበስ አሉላት። በጆሯቸው አንሾካሾከች። ሰውየው ወደ በሩ ወገን፣ ወደ እርጥቡ ቆብ ተመለከቱ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወገኖቼ! ገበሬው ቅሬታ አለው። ‹ምርቴን የሚበላልኝ አጣሁ› ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ መመለስ የለም። የገዛ ይዞት ይሂድ፤ ቀቅሎ ይብላ። የማይበላ እጁን አያውጣ። ከየት ልጀምር?»

ማንም ድምፅ አላሰማም።

አንዳንዱ ልማዱ ሲቋረጥበት ግራ ገብቶት ነው ዝም ያለው። አንዳንዱ የሰጠሁት ይበቃል ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ፣ መቼም እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ፈርቶ ነው። ማን በየትኛው ምክንያት ዝም እንዳለ ከፊት አይነበብም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ቦይናም አይገባም!» አሉ ጋሽ ቦልቴ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ።

ህብረት እየተሽሎከለከች ናዝራዊት ጋ ደረሰች። «ምን ነካሽ? ሙዱን ገደልሽው እኮ! ያን ያህል ሄዶ…» ትንፋሿ ተቆረጠ። «በቃ ስልኩን አምጪ። ኬብሉ ዝግጁ ነው።»

«ቆይ።»

«ምኑን ነው የምቆየው?»

ይህን ጊዜ አቶ ባዳቾ ነፃ የሆነውን እጃቸውን አነሡ። ትንሽ ብር ጠሩ። ከቅድሙ ዋጋ ጋር ሲተያይ ለባጃጅ የምትሆን ናት። «እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። «ልጄ ቦይና ትወዳለች።»

አንጁሎ ቀና ብሎ አያቸው።

«አንድ ጊዜ…» ብለው ጋሽ ቦልቴ ሊቀጥሉ ሲሉ ከኋላ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው ቆመዋል። ራሳቸውም የደነገጡ ይመስላሉ፤ አንዴ ከቆሙ በኋላ ግን መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

«ይህ ቦይና የበቀለው በእኔ አጥር ሥር ነው!» አሉ። «ሥሩ ወደ እኔ ጓሮ ገብቶ ነው የወፈረው። ዓይኔ እያየ ሁምቦ ሊሄድብኝ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ባዳቾም እየሳቁ፣ «እንግዲያው ያጥሩ ባለቤት ይጨምሩ!» አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ጨመሩ። አቶ ባዳቾ ጥቂት ከፍ አደረጉ። እትዬ እንደገና ጨመሩ፣ ሰውየውም እጃቸውን አጣጥፈው ለቀቁላቸው።

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ! ሄደ! ገበሬው፣ ና ምርትህን ለገዢ አስረክብ!»

አንጁሎ ከጠረጴዛው ላይ ቦይናውን አንስቶ በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅም በወንበሮቹ መሐል ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። መሐል ላይ ተገናኙ። አንጁሎ ቦይናውን ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ቆመ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቦይናውን አዩ፣ ልጁን አዩ።

«ምን ታስቀምጠዋለህ?» አሉ።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አለ አንጁሎ።

ለወቀሳ አልነበረም ያለው። ሥርዓቱን ያከበረ መስሎት ነው። ናዝራዊት ግን የእትዬን ፊት አየችው፤ የቅድሙ ሳቅ ጠፍቶበታል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት አልሰበሰቡትም።

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ» አሉ።

አንጁሎ ወደ እህቱ ዞር ብሎ አየ፤ ራሷን ነቀነቀችለት። ቦይናውን አነሣና ሰጣቸው። ጣቶቹ ከእጃቸው ሥር ገቡ። ቶሎ አልለቀቁትም፤ እሱም አልቸኮለም።

«ይህ ነገር እጄን ሊበላኝ ነው እኮ!» አሉ በመጨረሻ።

«ዘይት ይቀቡ» አለ አንጁሎ። «እማዬም በልቷት ነበር።»

«በቅቤ ልብላው በዳጣ?»

«በዳጣ!» ምላሱን አወጣ። «የሚያቃጥለው ዳጣ።»

«እንግዲያው መጥተህ ታሳየኛለህ። ብቻዬን አልጨርሰውም።»

* * *

ሰው መውጣት ጀመረ። ህብረት የፕሮጀክተሩን ኬብል በእጇ ይዛ ናዝራዊት ፊት ቆመች። እንደ ቅድሙ አልተቆጣችም፤ ግን አልተወችም።

«ቀዝቅዟል ናዚ። ተነጋግረን ነበር። በሩ ላይ ሳይደርሱ ልክፈተው?»

«አይሆንም» አለች ናዝራዊት። «‹እሺ› ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። ቪዲዮው የዶክተሯ ነው።»

«ታዲያ ምን ይዘን እንቀጥል?»

«አላውቅም። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና እንለምናለን። አብሬሽ እዞራለሁ።»

ህብረት ኬብሉን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «ቤት ለቤት አብረሽኝ ትዞሪያለሽ? ‹ይድናል ወይ› ሲሉሽ አንቺ ነሽ የምትመልሺው። እኔ ሰልችቶኛል።»

«እኔ እመልሳለሁ።»

ህብረት ትከሻዋን ነቀነቀችና ፕሮጀክተሩን ልትሰበስብ ሄደች።

ውጭ በአዳራሹ ጥላ ሥር አንጁሎ ለአቶ ባዳቾ ልጅ ቆቡን አውልቆ እያሳያት ነበር። ናዝራዊት ቆቡን ተቀብላ ውሃ አፈሰሰችበትና መልሳ ራሱ ላይ ደፋችለት። እትዬ ጥሩወርቅ ቦይናውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ባጃጅ ይጠብቃሉ። ናዝራዊት ወደ እሳቸው ሄደች። ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ ጨበጥ አድርጋ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ በስልክ መቅረጽ ይችላሉ?»

«ምን ልቀርጽ ልጄ?»

«አንጁሎ ሲጥለው። ዶክተሯ ማየት አለባት። እናትና አባቴ በማይኖሩ ጊዜ ከአጥሩ ብጠራዎትና…» ቃሏን ፈለገች። «እርስዎ ስልኩን ቢይዙልኝ፣ እኔ እጁን እይዛለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ አንጁሎ አዩ። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ «የት ነው?» ቢል አልመለሱለትም፣ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

«እፈራለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም እፈራለሁ» አለች ናዝራዊት።

ስልኩን አወጣች። እትዬ ጥሩወርቅ ቦይናውን ከቀኝ ብብታቸው ወደ ግራ አዛወሩና ጣታቸውን ዘረጉ።

«የቱ ጋ ነው የሚነካው?» አሉ።

«እዚህ፣ ቀዩ ላይ» አለች ናዝራዊት።